የኮምፕሬሰሩ ጩኸት ስንት ብር ነው?

«ኤሲው ይሠራል፤ ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው።» አሮጌ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ጥቂት ነው። ሻጩ ይላታል፣ ደላላው ይደግማታል፣ ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ አምኖ ያልፋል። አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ መስኮት ዝቅ ካደረጉ ንፋሱ ይበቃል። በመሆኑም የኤሲ ጉዳይ በድርድሩ ላይ ከጎማና ከቀለም በኋላ የሚነሳ ትንሽ ነገር ተደርጎ ይቆጠራል። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ የኤሲው ቁልፍ ሲጫን ከፊት በኩል የሚሰማው ኳኳታ ግን ሌላ ወሬ ያወራል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ኳኳታ ነው። ድምፁ ከየት እንደመጣ ለይቶ ያወቀ ሰው በአንድ ኩሺኔታ ዋጋ የሚገላገለውን ችግር፣ ያላወቀው በሙሉ ኮምፕሬሰር ዋጋ ይከፍልበታል። ከዚህም የባሰው አለ፦ አዲሱ ኮምፕሬሰር በጥቂት ወራት ውስጥ ተበላሽቶበት ሁለተኛ የሚከፍለው።

አሮጌው መኪና ለምን ተፈለገ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚገዛው መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲተመን ወደ ላይ ወጣ።

የሦስቱ ውሳኔዎች ድምር ውጤት ለገበያው ሰው ግልጽ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው አሮጌ ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ዶልፊን በቀላሉ በሌላ የማይተካ ሀብት ሆኗል። የማይተካ ሀብት ደግሞ ይጠገናል። ስለዚህ ከዚህ በፊት «ኤሲው ቢቀርስ?» ተብሎ የሚታለፈው ብልሽት፣ ዛሬ በመኪናው ዋጋ ላይ የሚደመር ወይም የሚቀነስ ሒሳብ ነው። በተለይ መኪናውን ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ሠመራ ወይም ወደ ጋምቤላ ይዞ ለመውረድ ያሰበ ነጋዴ፣ ኤሲን እንደ ቅንጦት ሊያየው አይችልም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ የመረመረው ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። በአሜሪካ ጉድ የሚሠራ ብልሹ መኪና «ሎሚ» ይባላል። አከርሎፍ እንዳስረዳው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያውቅ ከሆነ ገዢው ለሁሉም መኪና የ«ሎሚ» ዋጋ መስጠት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የደህና መኪና ባለቤት ከገበያው ይወጣል። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። የኤሲ ኮምፕሬሰር ጩኸትም እንደዚሁ ነው። ድምፁን ማንበብ የማይችል ገዢ ሁሉንም ጩኸት እንደ ሞት ይቆጥራል ወይም ሁሉንም እንደ ጋዝ እጥረት ያያል። በሁለቱም መንገድ አንዱ ወገን ይከስራል።

ሦስት ዕቃ፣ ሦስት ዋጋ

በተለምዶ «ኮምፕሬሰር» ተብሎ የሚጠራው ነገር በአንድ ላይ የታሰሩ ሦስት ዕቃዎች ናቸው።

የመጀመሪያው በቺንጋ የሚዞረው ፑሌጃ ነው። ፑሌጃው በኩሺኔታ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ኤሲው ተከፈተም አልተከፈተም ይዞራል። ኤሲውን ለዓመታት ያልነካ ሰው መኪና ላይም ይህ ኩሺኔታ ሲያልቅ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ክላቹ ነው፤ መካኒኮች «ማግኔቱ» ይሉታል። ቁልፉ ሲጫን 12 ቮልት ኤሌክትሪክ በመጠምጠሚያው ሽቦ አልፎ ማግኔት ይፈጥርና ከፊት ያለውን ሳህን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል። «ቀጭ» የምትለው ድምፅ ይህች ናት፤ ጤነኛ ድምፅ ናት።

ሦስተኛው ራሱ ፓምፑ ነው። በውስጡ ያሉት ፒስተኖች ጋዙን ጨምቀው ወደ ኮንደንሰሩ ይገፉታል። እነዚህ ፒስተኖች የሚለሰልሱት ከጋዙ ጋር አብሮ በሚዞር ዘይት ነው። ለአንድ ትንሽ አውቶሞቢል መላ ሥርዓቱ የሚይዘው ዘይት ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም።

ይህንን ከተረዳን «ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው» የምትለው አባባል ክብደቷ ይታወቃል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዝግ በሆነ ቧንቧ ውስጥ የሚመላለስ ነውና ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ጋዝ በሚወጣበት ቀዳዳ ዘይትም ይወጣል። የቀረው ጋዝ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ዘይቱን ወደ ፓምፑ ተሸክሞ መመለስ ያቅተዋል። ዘይት ያጣ ፓምፕ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ይፋጫል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። ስለሆነም የጎደለውን ጋዝ ብቻ ሞልቶ መሸጥ፣ የሚያፈስ በርሜል ሞልቶ እንደመሸጥ ነው።

በሦስት ደቂቃ የሚደረግ ምርመራ

ለዚህ ምርመራ መሣሪያ አያስፈልግም። ጆሮና ዓይን፣ እንዲሁም በመሪው ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይበቃሉ።

መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ኮፈኑን ከፍተው ይመልከቱ። የኮምፕሬሰሩ ቺንጋ በቦታው አለን? ቺንጋው የተፈታ ወይም ወደ ክላቹ የሚሄደው ሽቦ የተነቀለ ከሆነ፣ ሻጩ ድምፁን ያውቀዋል ማለት ነው። ከክላቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ቢታይ ኩሺኔታው ወይም ሳህኑ እየተበላ መሆኑን ያሳያል። ከፊት ባለው ዘንግ አካባቢ ወይም በቧንቧ መጋጠሚያዎች ላይ አቧራ የያዘ የዘይት እርጥበት ከታየ፣ ጋዙ የሚወጣው በዚያ ነው።

ቀጥሎ ኤሲው እንደተዘጋ ሞተሩ ይነሣ። በዚህ ጊዜ የሚሰማ ጉርምርምታ ወይም ሲጢጥታ ከፓምፑ ሊመጣ አይችልም፤ ፓምፑ ገና አልዞረምና። ተጠርጣሪዎቹ ቺንጋው፣ የቺንጋው መወጠሪያ፣ የፑሌጃው ኩሺኔታ፣ አልያም በአጠገቡ ያሉት የዲናሞና የውሃ ፓምፕ ኩሺኔታዎች ናቸው።

ከዚያ ኤሲው ይከፈት። «ቀጭ» ካለ በኋላ የሞተሩ ድምፅ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢስተካከል የተለመደ ነው። ሲከፈት ለአፍታ ሲጢጢጥ ብሎ ዝም ካለ፣ ቺንጋው ላልቷል ወይም ክላቹ ይንሸራተታል። ቀድሞ ይሰማ የነበረው ጉርምርምታ ኤሲው ሲከፈት ከጠፋ፣ ጣትዎን በፑሌጃው ኩሺኔታ ላይ ይቀስሩ። ሳህኑ ሲጣበቅ በኩሺኔታው ላይ ያለው ጫና ስለሚለወጥ ድምፁ ሊደበቅ ይችላል። በተቃራኒው ዝምታ የነበረው ቦታ ኤሲው ሲከፈት ማንኳኳት ከጀመረና ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ኳኳታው ከፈጠነ፣ ችግሩ ከፓምፑ ውስጥ ወይም ከማሰሪያ ቡሎኖቹ ነው።

በመጨረሻ ኤሲው ይዘጋ። ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ቢሰማ ግፊቱ እየተመጣጠነ ነውና አያስደነግጥም። ኤሲው ክፍት ሆኖ ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚሰማ ፉጨት ግን ብዙውን ጊዜ ጋዝ ማነሱን ይጠቁማል።

ደላሎች በዚህ ምርመራ መቆጣት የለባቸውም። ሦስት ደቂቃ ፈጅቶ የሚገኝ እውነት፣ ከሽያጭ በኋላ ከሚመጣ ጠብና የኮሚሽን ክርክር ይሻላል።

ቺንጋው ሲወልቅ

ጥርጣሬውን ወደ እርግጠኝነት የሚለውጠው ሁለተኛው እርምጃ ጋራዥ ውስጥ የሚደረግ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይወልቃል። ከዚያ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይነሣል። ይኸው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ሊሆን ስለሚችል ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ሞተሩን ያግለዋል። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ካልጠፋ ግን ኮምፕሬሰሩ ነጻ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይገባል።

ሞተሩ እንደገና ከጠፋ በኋላ ፑሌጃው በእጅ ይዞራል። እንደ ቅቤ ልስልስ ብሎ ያለ ድምፅ መዞር አለበት። አሸዋ እንደገባበት የሚያሻክር፣ ወይም ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሺኔታው አልቋል። ቀጥሎ ከፊት ያለው ሳህን ብቻ ይዞራል፤ እርሱ ከፓምፑ ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። የተመጣጠነ ክብደት ኖሮት ከዞረ ፓምፑ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የሚያንገጫግጭ፣ የሚይዝና የሚለቅ፣ ወይም ጨርሶ አልዞርም የሚል ከሆነ ፓምፑ ተጎድቷል።

ይህ የእጅ ፍተሻ ከምንም መሣሪያ በፊት መደረግ ያለበት ነው። ሳይደረግ «ኮምፕሬሰር ይቀየር» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት፣ ምክንያቱን እንዲያስረዳ መጠየቅ የደንበኛ መብት ነው።

ጌጁ ምን ይላል?

ፓምፑ ከተጠረጠረ ሁለቱን የግፊት መለኪያዎች መግጠም ያስፈልጋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖቻችን የሚጠቀሙት አር-134ኤ የተባለውን ጋዝ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በአር-12 ይሠሩ ነበር፤ የእነዚያ ዘይት የማዕድን ዘይት ሲሆን፣ የአር-134ኤው ፒ.ኤ.ጂ. የሚባለው ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ፓምፑን ለጩኸት ይዳርገዋል።

ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ገደማ ሲዞር፣ በመጠነኛ ሙቀት የዝቅተኛው ጎን ግፊት ከ25 እስከ 40፣ የከፍተኛው ጎን ደግሞ ከ150 እስከ 230 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ይሆናል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ በዝቷል፣ ኮንደንሰሩ በጭቃና በአቧራ ተደፍኗል ወይም ማራገቢያው አልሠራም። ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ግን ፓምፑ መጭመቅ አቅቶታል፤ ቫልቮቹ ወይም ፒስተኖቹ አልቀዋል።

ከእነዚህ ውስጥ ለኪስ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ከመጠን በላይ የተሞላ ጋዝ ወይም የተደፈነ ኮንደንሰር ፓምፑን ከአቅም በላይ ስለሚያስጨንቀው ጤነኛው ኮምፕሬሰር እንኳ ያንኳኳል። በየጎዳናው «ትንሽ ጨምርበት» እየተባለ በግምት የሚሞላው ጋዝ የብዙ ጩኸት ምክንያት ነው። ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው፤ ለትንሽ አውቶሞቢል ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 700 ግራም ይበቃል። ትክክለኛው መጠን ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለጋራዥ ባለቤትም ሚዛኑ ትርፍ አለው፦ 13.6 ኪሎ ግራም የሚይዘው የተለመደው ሲሊንደር በ650 ግራም ሒሳብ 20 መኪና ያስተናግዳል፤ በግምት ሲሞላ ግን ስንት እንደሚያስተናግድ የሚያውቅ የለም።

ለአዲስ አበባ ጋራዦች የሚሆን አንድ ልዩ ማስታወሻ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ሲመጠጥ፣ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው 29 ኢንች እዚህ ሊደረስ አይችልም፤ የኛ ከተማ ጣሪያ ከ22 እስከ 23 ኢንች ነው። መርፌው እዚያ ደርሶ ሲቆም ፓምፑ ደክሟል ወይም ቧንቧው ያፈሳል ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ትክክለኛው ፈተና መርፌው የደረሰበት ቦታ ላይ ፓምፑ ከጠፋ በኋላም መቆየቱ ነው። ተመልሶ ከወጣ ያፈሳል።

ጥገናው በየደረጃው

ከርካሹ እንጀምር። የላላ ቺንጋ ይወጠራል፤ የተሰነጣጠቀና ያብለጨለጨ ቺንጋ ይቀየራል። የላሉ ማሰሪያ ቡሎኖች ይጠብቃሉ፤ ኮምፕሬሰሩን የያዘው ብረት ተሰንጥቆ ከሆነ ይበየዳል ወይም ይለወጣል። አንዳንድ ጊዜ ከባድ የመሰለው ጩኸት የጎማ ቧንቧው ከቦዲው ጋር በመነካካቱ የሚመጣ ነው፤ ማሰሪያው ተስተካክሎ ሲታሰር ይጠፋል። የተደፈነውን ኮንደንሰር ቀስ ባለ ውሃ ማጠብም ከዚህ ክፍል ይመደባል።

ሁለተኛው ደረጃ የፑሌጃው ኩሺኔታ ነው። ከፊት ያለው ቡሎን ተፈትቶ ሳህኑ ይወጣል፤ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶች እንዳይጠፉ ይቀመጣሉ። ማገጃ ቀለበቱ ተነሥቶ ፑሌጃው በፑለር ይሳባል፤ ኩሺኔታው በፕሬስ ወጥቶ አዲሱ ይገባል። አዲሱ ሲገባ መጫን ያለበት የውጪው ቀለበት እንጂ የውስጡ አይደለም፤ በመዶሻ የተመታ ኩሺኔታ በወሩ ይመለሳል። ቁጥሩ በራሱ ላይ የተጻፈ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከተለመዱት ልኬቶች አንዱ 35 በ52 በ20 ሚሊ ሜትር ነው። የዚህ ጥገና ትልቁ ጥቅም የጋዙ ቧንቧ ሳይከፈት መሠራቱ ነው። እጅ የሚያስገባ ቦታ ካለ ኮምፕሬሰሩ ከመኪናው ሳይወርድ ያልቃል።

ሦስተኛው ክላቹ ነው። በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ያለው ክፍተት በብዙዎቹ ዓይነቶች ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ሳህኑ ሲያልቅ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ማግኔቱ መሳብ ያቅተዋል፣ ሲጢጥታና የቃጠሎ ሽታ ይመጣል። ከቀጫጭኖቹ ቀለበቶች አንዱን በማውጣት ክፍተቱን ማጥበብ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ክላቹን ከመኮነን በፊት ግን ሽቦው ላይ የሚደርሰው ቮልት ይለካ፤ የዛገ መጋጠሚያ ወይም ደካማ ባትሪም ክላቹን ያንሸራትተዋል።

አራተኛውና ውዱ የፓምፑ ለውጥ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ነው።

ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት ስህተት

ፓምፕ ሲያልቅ ብረቱ ይፈጫል። የተፈጨው ብረት ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ኮንደንሰሩ፣ ወደ ድራየሩና ወደ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ይሄዳል። አሮጌው ኮምፕሬሰር ወርዶ አዲሱ በዚያው ቆሻሻ ቧንቧ ላይ ሲገጠም፣ የቀድሞው ሟች ያስቀረው ብረት አዲሱን ይበላዋል። ደንበኛው «ዕቃው ፎርጂድ ነው» ብሎ ሻጩን ይከሳል፤ ሻጩ «አገጣጠሙ ነው» ይላል። በዚህ መሃል ብሩ ሄዷል።

ምርመራው ቀላል ነው። አሮጌው ኮምፕሬሰር ሲወርድ ዘይቱ በነጭ ጨርቅ ላይ ይንጠብጠብ። ጥርት ያለ ወይም ቢጫነት ያለው ከሆነ ሥርዓቱ ንጹሕ ነው። ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ የብር ዱቄት ካለበት፣ ቧንቧዎቹ በማጠቢያ ፈሳሽ መታጠብ፣ ድራየሩና ኤክስፓንሽን ቫልቩ መቀየር አለባቸው። ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ኮንደንሰር በደንብ ስለማይታጠብ አብሮ መቀየር ይኖርበታል። ድራየሩ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ባደረ ቁጥር የሚቀየር ዕቃ ነው፤ እርጥበት ይጠጣልና። ፒ.ኤ.ጂ. ዘይቱም እንደዚሁ ከአየር ውሃ ስለሚስብ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይገዛም።

ያገለገለ ኮምፕሬሰር ከሱማሌ ተራ የሚገዛ ሰው አራት ነገሮችን ይመልከት። የቧንቧ መግቢያዎቹ ተደፍነው የተቀመጡ ናቸው ወይስ ክፍት ሆነው አቧራ ገብቷቸዋል? ዘንጉ በእጅ ሲዞር የተመጣጠነ ነው? ሲገለበጥ የሚወጣው ዘይት ምን መልክ አለው? የፑሌጃው መስመሮች ቁጥርና የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ከወረደው ጋር ይገጥማሉ? ከአራቱ አንዱ ካልተሟላ ርካሽነቱ አያታልል።

ስሌቱ

አሁን ወደ ድርድሩ እንመለስ። ኮምፕሬሰር፣ ድራየር፣ ማጠቢያ፣ ጋዝና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ሙሉው ለውጥ 100 እጅ ነው እንበል። ኩሺኔታ መቀየሩ 12፣ የክላች ጥገናው 30፣ ቺንጋና ቡሎን ማጥበቁ 5 እጅ ይሁን። እነዚህ ለስሌት የተወሰዱ ድርሻዎች ናቸውና አንባቢ በዕለቱ ከሦስት ሱቅና ከሁለት ጋራዥ በጠየቀው ዋጋ ይተካቸው።

ጩኸቱ ያልተለየ መኪና ሲቀርብ ጠንቃቃ ገዢ ከዋጋው 100 እጅ እንዲቀነስለት ይጠይቃል። ሻጩ «ጋዝ ብቻ ነው» ብሎ 5 እጅ ብቻ ያቀርባል። መካከል ላይ ይገናኛሉ። እውነቱ ኩሺኔታ ከሆነ ሻጩ ያለ ምክንያት 40 እጅ ያህል ከስሯል። እውነቱ ያለቀ ፓምፕ ከሆነ ገዢው ወደ 50 እጅ የሚጠጋ ከኪሱ ይጨምራል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ሻጭ መኪናውን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት 12 እጅ አውጥቶ ኩሺኔታውን ቢያስቀይር፣ የተቀየረውንም አሮጌ ኩሺኔታ በእጁ ይዞ ቢያሳይ፣ ከወጪው በላይ ያተርፋል። ገዢ ደግሞ ቺንጋውን ለማስወለቅ ለጋራዥ የሚከፍላት ጥቂት ብር የድርድሩ ርካሽ ወጪ ናት። ደላላም ቢሆን የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ይዞ የሚያቀርበው መኪና ቶሎ እንደሚሸጥ በሥራው ያየዋል።

«ቺንጋውን እንፍታውና ይቅር»

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አማራጭ ቺንጋውን ፈትቶ ኤሲውን መርሳት ነው። ኮምፕሬሰሩ የራሱ ቺንጋ ባለው መኪና ላይ ይህ ለጊዜው ያዋጣል። አንድ ቺንጋ ዲናሞውንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ ኮምፕሬሰሩንም በሚያዞርበት መኪና ግን አይሆንም። በዚህ ዓይነት ላይ የሚጮኸውን ኩሺኔታ እንዳላዩ አልፎ መንገድ መውጣት ትልቅ አደጋ አለው። ኩሺኔታው ሲነክስ ቺንጋውን ይበጥሰዋል፤ ቺንጋው ሲበጠስ ባትሪው መሞላት ያቆማል፣ ሞተሩም ውሃው ሳይዞርለት ይግላል። ከአዋሽ በታች ባለው ሙቀት ይህ የሆነበት ሰው በ12 እጅ የሚያልቀውን ነገር የሞተር ቴስታ ዋጋ ያደርገዋል፤ የጭነቱንና የቀኑን ኪሳራ ሳይጨምር።

ከዚህ ሌላ ኤሲ የሌለው መኪና በክረምት መስታወቱ ቶሎ አይጠራም። ኤሲ አየሩን ከማቀዝቀዙ በተጨማሪ እርጥበቱን ይመጥጣልና።

ለባለንብረቱ

የደጋ መኪና ኤሲ የሚሞተው ከመሥራት ብዛት ሳይሆን ከመተኛት ብዛት ነው። ሳይነካ ሲከርም የዘንጉ ጎማ ይደርቃል፣ ጋዝ ማምለጥ ይጀምራል፣ ዘይቱም ይከተላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ክረምትም ቢሆን፣ ለ10 ደቂቃ መክፈት ጎማውን ያርሰዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ኮንደንሰሩን ማጠብና ቺንጋውን ማየት ሌላው ሥራ ነው።

ጋዝ ሲሞላ ሲሊንደሩ ምን እንደሆነ ይጠየቅ። በዓለም ገበያ አር-134ኤ ተብሎ ሌላ ጋዝ፣ የሚቀጣጠልም ሆነ አሉሚኒየም የሚበላ፣ የተሞላባቸው ሲሊንደሮች ተገኝተዋል። ከገበያው ዋጋ እጅግ የወረደ ሲሊንደር ካለ ምክንያት አለው። ጋዙ ያለበትን ቧንቧ ያለ መነጽርና ያለ ጓንት መፍታትም ዓይንና ቆዳን በብርድ ያቃጥላል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ሊያዩ የሚወጡ አንባቢ «ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው» ሲባሉ አይከራከሩ። ኮፈኑን ያስከፍቱ፣ ኤሲውን ያስዘጉና ያዳምጡ፤ ያስከፍቱና እንደገና ያዳምጡ። ከዚያ በኋላ ዋጋ ይናገሩ።